የከዋክብት መምህርት ማሪያ ሚቸል

በአሜሪካ አገር በምሥራቅ ባሕር ላይ ናንታኬት የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከየብስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መሬቷ አሸዋ ነው፤ ነፋስና ጉምም አይለያትም። በዚች ደሴት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1818 ዓመት ኦገስት 1 ቀን ማሪያ ሚቸል ተወለደች። ከዚህ በታች የሚነገረውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቷ ዊልያም፣ እናቷም ሊዲያ ይባሉ ነበር፤ ልጆቻቸው ዐሥር ነበሩ።

በዚያ ዘመን የናንታኬት ወንዶች ሥራ ዓሣ ነባሪ ማደን ነበር። የዓሣ ነባሪ ዘይት በመብራት ይነድ ነበርና በብዙ ዋጋ ይሸጥ ነበር። አዳኞቹ በመርከብ ወጥተው ዓለምን እየዞሩ ሁለትና ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ሳይመለሱ ይቈዩ ነበር። ባሎቻቸው በሌሉበት ጊዜ ሱቁን የሚጠብቁ፣ ሒሳቡን የሚይዙ፣ ቤቱንም የሚያስተዳድሩ ሴቶች ነበሩ። ደግሞ የማሪያ ቤተ ሰቦች ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ፤ እነዚህም ለወንድ ልጅ የሚሰጠው ትምህርት ለሴት ልጅም ይገባል ይሉ ነበር። ስለዚህ ማሪያ ከመርፌና ከድስት በቀር ሌላ ነገር እንዳትነካ የከለከላት ሰው አልነበረም። በዚያን ዘመን በሌላ ስፍራ የተወለዱ ብዙ ሴቶች ልጆች ይህን ዕድል አላገኙም።

በባሕር ላይ ጥርጊያ መንገድ የለም። በዚያ ዘመን መርከበኛ በቀን ፀሐይን፣ በሌሊት ከዋክብትን ለክቶ ያለበትን ቦታ ያውቅ ነበር። ለዚህም የማይሳሳት ሰዓት ያስፈልገው ነበር። የሰዓቱ ስሕተት አራት ሰከንድ ብቻ ቢሆን በምድር ወገብ አጠገብ የሚሄድ መርከብ ቦታውን ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል፤ በጨለማ ከዐለት ጋር ለመጋጨት ይህ ይበቃል። ስለዚህ የመርከብ አዛዦች ወደ ባሕር ሳይወጡ አስቀድመው ሰዓታቸውን ወደ ዊልያም ሚቸል ያመጡ ነበር። ዊልያም የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ የከዋክብትንም ጥበብ እጅግ ይወድ ነበር። ቴሌስኮፕ በሚባለው የሩቅ ማያ መነጽር የከዋክብትን አካሄድ እየተመለከተ ሰዓቱ መፍጠኑን ወይም መዘግየቱን ይለይ ነበር።

ይህን ሥራ ብቻውን አልሠራውም። ልጆቹን ጠርቶ ከጎኑ ያቆማቸው ነበር፤ ከልጆቹም ሁሉ ይልቅ ማሪያ ሥራውን ወደደችው። በ1831 ዓመት ፌብሩዋሪ 12 ቀን የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። ያን ጊዜ ማሪያ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ በመነጽሩ ሲመለከት እርስዋ በአጠገቡ ሆና የመርከብ ሰዓቱን እያየች ሰከንዶቹን ትቈጥር ነበር። አባቷም በዚያ ቍጥር ቤታቸው በምድር ላይ ያለበትን ቦታ አስልቶ አወጣ። ልጅቱ በቍጥሯ ብትሳሳት ኖሮ የአባቷ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር፤ ግርዶሽ ደግሞ እንደ ገና ይምጣ ቢሉት አይመጣም። እንዲህ ያለውን ነገር ለ12 ዓመት ልጅ አደራ የሚሰጥ አባት ብዙ አይገኝም። 14 ዓመት ሲሆናት የመርከብ አዛዦች የሰዓታቸውን ነገር ለእርስዋ ይተዉላት ጀመር። እነዚያ ሰዎች ሕይወታቸው በሰዓቱ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ለማባበል ብለው ያደረጉት አልነበረም።

ማሪያ በ17 ዓመቷ፣ በ1835 ዓመት፣ የራስዋን ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች። በከተማው ትምህርት ቤት ነጮችና ጥቍሮች ተለያይተው በሚማሩበት ጊዜ እርስዋ የመጣውን ልጅ ሁሉ ተቀበለች። በሚቀጥለው ዓመት የደሴቲቱ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆነች፤ በዚህም ሥራ 20 ዓመት ኖረች። ቤተ መጻሕፍቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት አልነበረምና በተረፋት ጊዜ የላፕላስንና የጋውስን የሒሳብ መጻሕፍት ታነብ ነበር። ከፍ ያለ ኮሌጅ ገብታ አልተማረችም፤ ሴትን የሚቀበል ኮሌጅም በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። በ1846 ዓመት በከተማው ታላቅ እሳት ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። እንደ ገና ተሠራ፤ እርስዋም መጻሕፍቱን ከየስፍራው እየሰበሰበች ሞላችው።

አባቷ በኋላ የፓሲፊክ ባንክ ገንዘብ ያዥ ሆነና ቤተ ሰቡ በባንኩ ሕንፃ ተቀመጡ። በጣሪያው ላይ መነጽር የሚቆምበት ስፍራ አበጁ። ኦክቶበር 1 ቀን 1847 ዓመት በቤታቸው ግብዣ ነበረ፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ነበር። ማሪያ እንግዶቹን ትታ ወደ ጣሪያው ወጣች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከሰሜን ኮከብ ጥቂት ከፍ ብሎ ጭጋግ የመሰለ ደብዛዛ ብርሃን አየች። ያንን የሰማይ ክፍል ብዙ ጊዜ ተመልክታው ነበርና ያ ብርሃን አስቀድሞ በዚያ እንዳልነበረ ዐወቀች። ጅራታም ኮከብ ነበር፤ በዐይን ብቻ የማይታይ፣ በመነጽር ብቻ የሚታይ። ወርዳ ለአባቷ ነገረችው፤ እርሱም ወጥቶ አየውና ወዲያው ለሊቃውንት ይነገር አለ። እርስዋ ግን ደኅና አድርጋ ሳትመረምር ነገሩ እንዲወጣ አልወደደችም።

ይህ ጥንቃቄ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ሊያስከፍላት ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 6ኛ አዲስ ጅራታም ኮከብ በመነጽር ቀድሞ ላገኘ ሰው የወርቅ ሜዳይ እንዲሰጥ ሥርዓት አቁሞ ነበር። ሥርዓቱም ያገኘው ሰው በመጀመሪያው ፖስታ ያስታውቅ ይል ነበር። ዊልያም ሚቸል በኬምብሪጅ ከተማ በሃርቫርድ ላለው የከዋክብት መመልከቻ ቤት አለቃ ለዊልያም ቦንድ ደብዳቤ የጻፈው ኦክቶበር 3 ቀን ነው። በዚያው ቀን በሮማ ከተማ ፍራንቼስኮ ዴ ቪኮ የሚባል ቄስ ያንኑ ኮከብ አየ፤ ወሬውም በአውሮፓ ተሰማ። ከጥቂት ቀን በኋላ በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው አየው። በሐምቡርግ ከተማም የመመልከቻው ቤት አለቃ የሩምከር ሚስት ኦክቶበር 11 ቀን አየችው። ከዚህ የተነሣ ሜዳዩ ለዴ ቪኮ ሊሆን ተቃረበ፤ ስለ ማሪያ እንደ ሥርዓቱ በጊዜው ወደ አውሮፓ የጻፈ ሰው አልነበረምና። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አለቃ ኤድዋርድ ኤቨረት ግን ነገሩን ሰምቶ ዝም አላለም፤ የዊልያምን ደብዳቤ ማስረጃ አድርጎ ወደ ዴንማርክ ጻፈ። ንጉሥ ፍሬድሪክ ከሞተ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ወራሾቹ ግን ቃሉን ጠበቁ። በ1848 ዓመት ሜዳዩ ለማሪያ ሚቸል ተፈረደላት። በዚሁ ዓመት የአሜሪካ የጥበባትና የሳይንስ አካዳሚ አባል አደረጋት፤ ከእርስዋ በፊት ሴት በዚያ ማኅበር ገብታ አታውቅም ነበር።

በ1849 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለመርከበኞች የሚያሳትመውን የከዋክብት አቈጣጠር መጽሐፍ ከሚያሰሉት ሰዎች አንዷ እንድትሆን ተመረጠች። ዘሀራ የምትባለው ፕላኔት በየቀኑ በሰማይ የት እንደምትገኝ እያሰላች ትጽፍ ነበር፤ ደመወዟም በዓመት 300 ዶላር ነበር። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንዲህ ያለው ሒሳብ ምን ያህል ዐይንን እንደሚያደክም ያውቃል። እርስዋ ግን 19 ዓመት ያህል ይህን ሥራ ሠራች።

በ1857 ዓመት ወደ አውሮፓ ተጓዘች። በእንግሊዝ አገር የከዋክብት ሊቅ ጆን ሄርሸል በቤቱ ተቀበላት፤ አክስቱ ካሮላይን ሄርሸል በእጅዋ ከጻፈችው መዝገብም አንድ ወረቀት ሰጣት። ካሮላይን ብዙ ጅራታም ከዋክብት ያገኘች ሴት ነበረችና ማሪያ ያንን ወረቀት እንደ ትልቅ ሀብት ጠበቀችው። በሮማ ከተማ አባ ሴኪ የሚባሉ ቄስ የሚያስተዳድሩትን የከዋክብት መመልከቻ ለማየት ብትፈልግ ሴት ወደዚያ እንዳትገባ የሚከለክል ሥርዓት ነበረ። ብዙ ደጅ ከጠናች በኋላ ፈቃድ አገኘች፤ ነገር ግን በቀን ብቻ ገብታ ሳይመሽ እንድትወጣ ሆነ። ከዋክብት ደግሞ በቀን አይታዩም። በፍሎረንስ ከተማ በ77 ዓመት ዕድሜ የነበረችውን ሜሪ ሶመርቪልን ጎበኘች። ይህች ሴት በልጅነቷ ሒሳብ እንዳትማር ወላጆቿ ቢከለክሏት በሌሊት ተደብቃ የተማረች፣ በኋላም የላፕላስን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰች ናት። ማሪያ ወደ አገርዋ ስትመለስ የአሜሪካ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ጥሩ ቴሌስኮፕ ሰጧት።

በዚያ ወራት ማቴዎስ ቫሳር የሚባል ባለጠጋ ቢራ ጠማቂ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር በፖኪፕሲ ከተማ የሴቶች ኮሌጅ ይሠራ ነበር። ኮሌጁ በ1865 ዓመት ተከፈተ፤ ማሪያ ሚቸልም የከዋክብት ጥበብ መምህርት ሆና ተጠራች። ዕድሜዋ 47 ነበር። በኮሌጁ ግቢ የተሠራው መመልከቻ ቤት መነጽር ስፋቱ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ካሉት ታላላቅ መነጽሮች ሦስተኛ ነበር። እርስዋም ከሽማግሌው አባቷ ጋር በዚያው መመልከቻ ቤት ተቀመጠች፤ አባቷ በ1869 ዓመት እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተለየም።

የማስተማሯም መንገድ አባቷ እርስዋን ያስተማረበት መንገድ ነበር። ከመጽሐፍ ቃል በቃል አጥንቶ መመለስን አትወድም ነበር። ሴቶቹን ልጆች በሌሊት ወደ መነጽሩ አምጥታ ራሳቸው እንዲያዩ፣ ራሳቸው እንዲለኩ፣ ራሳቸውም እንዲያሰሉ ታደርግ ነበር። ስሕተት ያገኘች ልጅ ስሕተቷን ራስዋ ፈልጋ ታወጣ ነበር። በፀሐይ ላይ የሚታዩትን ጥቍር ነጥቦች በፎቶግራፍ እያነሡ መዝገብ ይይዙ ነበር። ለተማሪ ነጥብ መስጠትን እንቢ አለች፤ የሰውን ልብ በቍጥር መለካት አይቻልም ብላ ታምን ነበርና። በዚህ ሁሉም መምህር ላይስማማት ይችላል፤ እርስዋ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በአሳቧ ጸናች። በየዓመቱም ትምህርት ሲፈጸም ተማሪዎቿን በመመልከቻው ጕልላት ሥር ትጋብዛቸው ነበር፤ ስለ እያንዳንዷም ግጥም ይነበብ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደመወዟ ስማቸው ገና ካልታወቀው ወጣቶች ወንዶች መምህራን ደመወዝ ያነሰ መሆኑን ዐወቀች። እርስዋ 800 ዶላር ስትቀበል እነርሱ ከ2000 በላይ ይቀበሉ ነበር። በኮሌጁ ከነበረችው ሴት ሐኪም ጋር ሆና ለኮሌጁ አለቆች አቤት አለች፤ ደመወዛቸውም ተጨመረ። ይህን ያደረገችው ገንዘብ ወዳድ ሆና አይደለም፤ አኗኗሯ ቀላል ነበርና። ነገር ግን መምህርቷ የተናቀች እንደ ሆነ ተማሪዎቿ ምን ተስፋ ያደርጋሉ?

ተስፋውም በእውነት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1873 ዓመት ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል የቦስተን ሐኪም ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶች አጥብቀው ቢማሩ ጤናቸው ይጠፋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በብዙ ሰው እጅ ገባ፤ ወላጆችም ፈሩ። ማሪያ በዚያው ዓመት ከሌሎች ሴቶች ጋር የሴቶችን እድገት የሚረዳ ማኅበር አቆመች፤ ከሁለት ዓመትም በኋላ የማኅበሩ አለቃ ሆነች። በማኅበሩም ውስጥ የሳይንስን ክፍል ይዛ ሴቶች ልጆች በየከተማው ምን ሳይንስ እንደሚማሩ፣ ማንም እንደሚያስተምራቸው እየጻፈች ትጠይቅ ነበር።

በ1878 ዓመት ጁላይ 29 ቀን በኮሎራዶ አገር ፍጹም የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን ታወቀ። ማሪያ ያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሊሆናት ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። እኅቷንና በቫሳር ያስተማረቻቸውን ጥቂት ወጣቶች ሴቶች ይዛ በባቡር ወደ ዴንቨር ከተማ ሄደች፤ መንገዱ ከ3000 ኪሎ ሜትር የሚያንስ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሁለት የባቡር ኩባንያዎች ስለ መንገድ ተጣልተው ነበርና ዕቃቸው፣ ከመነጽሮቹ ክፍሎች ጋር፣ ፑዌብሎ በምትባል ከተማ ቀረ። ሰማዩም ይዘንብ ነበር። ግርዶሹ አንድ ቀን ነው፤ ለተጣሉ ኩባንያዎች ብሎ አይዘገይም። ዕቃው ከብዙ ጭንቀት በኋላ ደረሰ፤ ቀኑም ሲደርስ ሰማዩ ጠራ።

ከከተማው ውጭ በኮረብታ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ መነጽሮቹንም አቆሙ። ማሪያ ለእያንዳንዷ የተለየ ሥራ ሰጠቻት። ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ የምትሸፍነው ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነበርና ማንም ሥራውን ትቶ ወደ ሌላ ሊመለከት አይገባም ነበር። ቀኑ ጨለመ፤ በጥቍሩ ፀሐይ ዙሪያም ነጭ የብርሃን አክሊል ታየ። ከሴቶቹ አንዷ ይህን ሁሉ ለማየት ቀና አላለችም። ሰዓቱን ይዛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰከንዶቹን ትቈጥር ነበር። በሐኪሙ መጽሐፍ ይታመማሉ የተባሉት ሴቶችም ሥራቸውን ፈጽመው በደኅና ተመለሱ።

ከማሪያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ስማቸው ታወቀ። ኤለን ስዋሎ በ1870 ዓመት ከቫሳር ወጥታ በቦስተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ገባች፤ ወደዚያ ለመግባት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በኬሚስትሪ የአገሩን የመጠጥ ውኃ መረመረች፤ በ1876 ዓመትም በዚያው ትምህርት ቤት ሴቶች ኬሚስትሪ የሚማሩበት ክፍል እንዲከፈት አደረገች። አንቶኒያ ሞሪ በ1887 ዓመት ከቫሳር ወጥታ በሃርቫርድ መመልከቻ የከዋክብትን ብርሃን በየዓይነቱ ለየች። በ1897 ዓመት የታተመው ሥራዋ በአለቃዋ ዘንድ እምብዛም አልተወደደም፤ በኋላ ግን ሄርትስፕሩንግ የሚባል የዴንማርክ ሊቅ ታላላቆቹን ከዋክብት ከታናናሾቹ የለየው በእርስዋ ሥራ ተደግፎ ነው። ክርስቲን ላድ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ትምህርት በ1882 ዓመት ፈጸመች፤ ሴት ናት ተብሎ ማዕርጉ ተከለከለ። የተሰጣት በ1926 ዓመት ነው፤ 44 ዓመት ቈይቶ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለማሪያ የቀረበችው ሜሪ ዊትኒ ነበረች። ይህች በ1868 ዓመት ከቫሳር ወጥታ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ለመስማት ፈለገች። ሃርቫርድ ሴት አይቀበልም ነበርና በግቢው በር ውጭ ቆማ መምህሩ ቤንጃሚን ፒርስ መጥቶ ይዟት እስኪገባ ድረስ ትጠብቅ ነበር። በስዊስ አገርም ተማረች። ይህን ያህል ተምራ ስትመለስ የሚቀጥራት የከዋክብት መመልከቻ አላገኘችም። በ1881 ዓመት ማሪያ ረዳቷ አድርጋ ወደ ቫሳር ወሰደቻት። መምህርቷ ሰውነቷ ደክሞ በ1888 ዓመት ሥራዋን ስትተው በእርስዋ ስፍራ የተተካችው ሜሪ ዊትኒ ናት። እርስዋም በተራዋ ካሮላይን ፈርነስ የተባለችውን ተማሪዋን አሠልጥና በስፍራዋ ተከለች።

ማሪያ ሚቸል ጁን 28 ቀን 1889 ዓመት በ70 ዓመቷ በሊን ከተማ ሞተች፤ በተወለደችባትም ደሴት ተቀበረች። በጨረቃ ላይ ካሉት ጕድጓዶች አንዱ በስሟ ተጠርቷል።

በ1902 ዓመት ዘመዶቿና ተማሪዎቿ በናንታኬት በስሟ ማኅበር አቆሙ፤ በ1908 ዓመትም ትንሽ የከዋክብት መመልከቻ በዚያ ተሠራ። በ1916 ዓመት ማርጋሬት ሃርዉድ የመመልከቻው አለቃ ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት በሰማይ የምትዞር አንዲት አዲስ ትንሽ ፕላኔት አየች፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ክብር ሴት ልትሻው አይገባም ብለው ሰዎች መከሯትና ዝም አለች። ከአራት ቀን በኋላ ያየው ሌላ ሰው ያገኛት ተባለ። ለማሪያ ኤቨረት እንደ ቆመላት ለማርጋሬት የቆመላት ሰው አልተገኘም። እርስዋ ግን መመልከቻውን እስከ 1957 ዓመት ጠበቀችው። ከእርስዋ በኋላ የመጣችው ዶሪት ሆፍላይት በየክረምቱ ተማሪዎችን ወደ ደሴቲቱ ትጠራ ጀመር፤ ጥቂቶች ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ሴቶች ነበሩ። እርስዋ አለቃ በነበረችባቸው እስከ 1978 ዓመት ባሉት ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎች መጡ። ቀን ቀን በፎቶግራፍ መስተዋቶች ላይ ብርሃናቸው የሚለዋወጠውን ከዋክብት እየለኩ ይመዘግቡ ነበር፤ ሰማዩም በጠራ ሌሊት ማሪያ ካደገችበት ቤት አጠገብ ወዳለው መነጽር በየተራቸው ይወጡ ነበር።